የቡላ ጋሪ በሬ

ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ነው የደረሰኝ። ከእንስሳት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ሦስት ቦታ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ። «ባለፉት ሰባት ዓመታት በቡላ ጋሪ ከተማ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች በበሬ መወጋታቸውን ከሆስፒታላችሁ ከተላከልን መረጃ ተገንዝበናል። የሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ተደምረው እዚህ ቁጥር ላይ ስለማይደርሱ፣ የከብቶቹን ቀንድ የሚቆርጥ ባለሙያ ከነመጋዙ ልከናል። ትብብር እንዲደረግለት» ይላል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም በሬ ያስወጋናቸው እኔና ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ማላም ግሬማ ነና።

ኬሉ እባላለሁ፤ እዚህ ታላቅ ሴት «ያ» ተብላ ስለምትጠራ ለብዙዎቹ «ያ ኬሉ» ነኝ። ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሐኪሞቹ የጻፉትን ወደ ኮድ መለወጥ ነው። አንድ ቁስለኛ ሁለት ኮድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ምኑ እንደተጎዳ፣ ሌላው ምን እንደጎዳው የሚናገር። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ጭን ጭን ነው፣ ትከሻም ትከሻ ነው። መከራዬን የሚያበላኝ ሁለተኛው ነው። የኮዱ መጽሐፍ የአደም ልጅ በዚህች ምድር ላይ የሚጎዳበትን ነገር ሁሉ አንድ ባንድ ለቅሞ ቁጥር ሰጥቶታል። ከወንበር መውደቅ ቁጥር አለው። በአዞ መነከስም አለው። በከብት መመታት ደብልዩ ሃምሳ አምስት ነው። ጦርነት ደግሞ ዋይ ሠላሳ ስድስት ይባላል።

ያቃጠለን ይኸው ሠላሳ ስድስት ነው። ጦርነቱ አበቃ ተብሎ ከታወጀ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ታወጀ እንጂ አላበቃም። ጦርነት ከሌለ ታዲያ በጦርነት የቆሰለ ሰው ከየት ይመጣል? ካምፕ ያሉት ወታደሮች መልሱ አላቸው፤ «ከዚያኛው ወገን ነዋ!» ስለዚህ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ አሥር አለቃ ሠላሳ ስድስት የተጻፈባቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ከእኛ ይወስዳል። ስሙ የተገኘውን ወንድ «ለማጣራት» ብለው ከቤቱ ያነሡታል። ማጣራቱ ማለቂያ የለውም።

በመጀመሪያው ዓርብ ማላም ግሬማ ስድስት ስም በእጁ ጽፎ ሰጠ። መመሪያ ነው ተብሎ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይገባው። ከስድስቱ ሁለቱ ተመለሱ። ካልተመለሱት አንዱ ጋሪ ላይ ሽንኩርት ሲጭን ባታቸውን ጥይት ያገኛቸው ጎረቤታችን የሽንኩርት ነጋዴው ነበሩ። ማላም ግሬማ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን አንድ ጎረምሳ ጭኑን ጥይት በስቶት መጣ። ሽማግሌው በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየውና፣

«በሬ ነው የወጋህ?» አለው።

«ኧረ አባ፣ ጥይት ነው...»

«በሬ ነው የወጋህ ወይ አልኩህ!»

ጎረምሳው እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። «በሬ ነው አባ» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ ወዲህ ቡላ ጋሪ ውስጥ በጥይትም በቦምብም የተጎዳ ሰው የለም። ሁሉም ካርድ ክፍል መስኮት ላይ መጥቶ «በሬ ወጋኝ» ይላል። ሰው ሲገናኝም ይቀልድበታል። ሌሊት ተኩስ ከነበረ ጠዋት ገበያ ላይ «በሬው አድሮ ሲጮህ ሰማችሁ?» ይባባላሉ። ዓርብ ዓርብ አሥር አለቃው ሲመጣ ዝርዝሩ ላይ «የለም» ብለን ፈርመን እንሰጠዋለን። እሱም ደስ ይለዋል፤ ሰላም ነው ማለት ነዋ። ማላም ግሬማ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉንና በሬውን አስረክቦኝ ሄደ።

ታዲያ ማክሰኞ ያጋና መጣች።

ያጋና ኮፍያ ጠላፊ ናት። ዓርብ መስጊድ ደጃፍ ቆሞ ላየ፣ ከሦስት ራስ ላይ አንዱ ኮፍያ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ቀኝ እጇን በግራዋ ታቅፋ ገባችና መስኮቱ ላይ እንደ ዕቃ አስቀመጠችው።

«ያ ኬሉ፣ ደህና ዋልሽ?»

«ደህና ነኝ። እጅሽ ምን ሆነ?»

«ተኝቷል። መርፌው ሲወጋኝ አይሰማኝም። ጥልፉ ላይ ደም ሳይ ነው የማውቀው። ባለፈው ሳምንት የሰው ሰርግ ኮፍያ አበላሸሁ።»

ከሁለት ዓመት በፊት እሑድ ገበያ ላይ የመንግሥት አውሮፕላን ቦምብ ጥሎ ነበር። በዚያ ቀን የገባ ፍንጣሪ ከአንገቷና ከትከሻዋ መሀል ቀርቷል። አሁን ከቦታው ተንቀሳቅሶ ነርቩን እያነቀው ነው። ሰሞኑን ደግሞ ከውጭ የመጡ ቀዶ ሐኪሞች በሆስፒታላችን ግቢ ድንኳን ተክለዋል፤ ለአሥራ ሁለት ቀን፣ በጦርነት ፍንጣሪ የተጎዳን ሰው ብቻ ያክማሉ። ሐኪሙ ራጇን አይቶ «አሁን ካወጣነው እጅሽ ይድናል። የዛሬ ዓመት ስንመለስ ግን የሚድን እጅ አይኖርም» ብሏታል። ከአሥራ ሁለቱ ቀን ስምንቱ አልቋል።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«የመዝገቡ ሰውዬ አይሆንም አለኝ። ካርድሽ የሚለው በሬ ነው አለኝ።»

ካርዷን አወጣሁ። የእኔው ጽሕፈት ነው። በዚያ እሑድ ሠላሳ አንድ ቁስለኛ ባንዴ ገባ። የያጋናን ባል ባናን ጨምሮ አሥራ አራቱ ወንዶች ነበሩ። ለእነሱ በሬ ጻፍኩ፤ ልክ ነበርኩ። ከዚያ ግን እጄ አልቆም አለ። ለሴቶቹም በሬ፣ ለሕፃናቱም በሬ ጻፍኩ። ሴት ካምፕ አይወስዱም። ያጋናን በሬ ማስወጋት ምንም አያስፈልግም ነበር። ከልማድ በስተቀር ምክንያት የለኝም። አንድ በሬ በአንድ ቀን ሠላሳ አንድ ሰው ይወጋ እንደሆነ እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩም።

«ቆይ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኳት። እንዴት እንደማስተካክለው ግን አላውቅም ነበር።

የእንግዶቹ መዝገብ ያዥ ንዱካ ይባላል። ከደቡብ የመጣ ትሑት ልጅ ነው፤ ትሕትናው ራሱ ያናድዳል። ራጁን ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

«ማዳም፣ እኔም አይቼዋለሁ» አለኝ። «ብረት ነው። ግን ሲስተሙ ሠላሳ ስድስትን ካላገኘ ቀጠሮ አይሰጥም።»

«ብረቱን እያየኸው?»

«እኔ አያለሁ። እሱ አያይም።»

«እሱ ማን ነው?»

«ሲስተሙ።»

«እና በሬው ምስማር ጎርሶ ነው የወጋት?»

«እኔ ምንም አላልኩም ማዳም። መዝገቡ የእርስዎ ነው።»

መዝገቡ የእኔ ነው። ይህን ሲለኝ ደሜ ፈላ። የፈላው ልጁ ስለዋሸ አይደለም፤ እውነቱን ስለሆነ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ ኃላፊ ወደ ዶክተር ካቻላ ሄድኩ። ካቻላ ክፉ ሰው አይደለም። በሬውን ያውቀዋል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደማያውቅ ሆኖ ሲፈርም ኖሯል። ነገሩን ስነግረው በሩን ዘጋ።

«ዓመት ያለፈው መዝገብ ይቆለፋል፤ ታውቂያለሽ» አለኝ። «ለማረም ማመልከቻ ወደ ላይ ይላካል። አንድ መስመር ከተነካ ደግሞ ያን ቀን የገባው ሁሉ ይከፈታል። ሠላሳ አንዱም አደባባይ ይወጣሉ።»

«የእሷን ብቻ ብናርም?»

«የእሷን ብቻ የሚባል የለም። ምክንያቱን ጻፉ ይላሉ። ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው? ተሳስቼ አውሮፕላኑን በሬ አልኩት ልትዪ?»

«እጇ እየሞተ እኮ ነው ዶክተር!»

«አሥራ አራት ወንድ ለአንድ እጅ ልስጥ ኬሉ? ንገሪኝ እስቲ። አንቺ ከሆንሽ የትኛውን ትመርጫለሽ?»

በሩን እንደ ሕፃን ልጅ አላትሜው ወጣሁ። በሩም የተበላሸ ስለነበር አልዘጋ ብሎ ተመልሶ ተከፈተ፤ ተመልሼ በእጄ ዘጋሁት።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ ከበረሃ የሚነፍሰው አቧራ ገጹን እያለበሰው፣ የኮዱን መጽሐፍ ሠላሳ ስድስት ላይ ከፈትኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳላገላብጠው የኖርኩት ገጽ ነው። ነጥብ ሁለት ፍንዳታና ፍንጣሪ ነው። ነጥብ አራት ጥይት ነው። ካምፑ የሚፈልገው እነዚህን ነው። ወረድ ስል ነጥብ ስምንት አለ፤ «ውጊያው ካበቃ በኋላ የደረሰ ጉዳት» ይላል። ተቀብሮ የቀረ ፈንጂ ማለት ነው። የነጥብ ስምንት ስም ወደ ካምፕ አይሄድም፤ ጦርነቱ አብቅቷል ብሎ የሚመሰክር ኮድ ስለሆነ እንዲያውም ይወዱታል። የእንግዶቹ ሲስተም ደግሞ የትኛውም ሠላሳ ስድስት ይበቃዋል። ከሁሉ የበለጠው፣ የተቆለፈ ካርድ ማረም ባይቻልም ከሥሩ ተጨማሪ መንስኤ መጻፍ ይቻላል። መጨመር እንጂ ማረም አይደለም፤ ያ ቀን አይከፈትም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሬው ካርዱ ላይ ስላለ ፈንጂውን የረገጠው በሬው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ለነጥብ ስምንት የምስክር ወረቀት ይያያዛል፤ ወይ ከፈንጂ አምካኞች፣ ወይ እንስሳ ከሞተበት ከእንስሳት ሐኪም። አምካኞቹ ላልነበረ ፈንጂ አይፈርሙም። በሬ የለኝ፣ የእንስሳት ሐኪም የለኝ። መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከንዴት እንጂ ከሐዘን አልነበረም።

እንደዚያ ተናድጄ ሳድር የሰኞውን ደብዳቤ ረስቼዋለሁ። ረቡዕ ጠዋት ግን ባለ መጋዙ ራሱ መጣ።

ላዋን ይባላል። ጥምጣሙ ተተርትሯል፣ አንዱ ጫማው የለም። መጋዙን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«ሃጃ፣» አለኝ እንደ ትልቅ ሴት አክብሮ፣ «ያ ተዋጊ በሬ የታለ?»

«የትኛው በሬ?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው የወጋው! ከትናንት ጀምሮ አርባ አርቢ ዘንድ ደርሻለሁ። ቀንድ እቆርጣለሁ ስላቸው በዱላ አባረሩኝ። የሐይቁ ዳር ከብት የሆነውን ኩሪን አይተሽ ታውቂያለሽ? ቀንዱ እንደ ቅል ያበጠ ነው፤ ሐይቁን ሲሻገር የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ኩሪ ደግሞ ገር ነው፤ ሕፃን ጀርባው ላይ ይተኛል። ሃያ ዓመት ከብት አክሜያለሁ፤ ሰው የወጋ ኩሪ ሁለት አላየሁም። እናንተ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ከየት አመጣችሁ?»

በዚህ መሀል መስኮቱ ላይ አንድ ክንዱ በሻሽ የተጠቀለለ ልጅ እግር መጥቶ «ያ ኬሉ፣ በሬ ወጋኝ» አለኝ። ከሻሹ ሥር የወጣው ቁስል ክብ ነው፤ ዓይን ላለው ሰው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ላዋን ቁስሉን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ልጁ ካርዱን ይዞ ሲሄድ መጋዙን ከጠረጴዛው አንሥቶ እግሩ ሥር አስቀመጠ።

«የእህቴ ልጅ» አለኝ ድምፁን ቀንሶ፣ «ካምፕ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። በእሱ ከተማ በሬ አልነበረማ።»

ከዚያ ወዲህ መግባባት አላቃተንም። እኔ የሞተ በሬ እፈልጋለሁ። እሱ ቀንድ ሳይቆርጥ፣ በዱላ ሳይደበደብ አገሩ መግባት ይፈልጋል። ከቦርሳው የሞተ እንስሳ ምስክር ወረቀት ጥራዝ አወጣ።

«ስለዚህ ሁሉንም የወጋው አንድ በሬ ነበር» አለ እየጻፈ። «ያበደ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በገበያው እሑድ፣ ሰው እየወጋ ሲሮጥ የተቀበረ ፈንጂ ረገጠና ሞተ። ፍንጣሪው ሴትዮዋን አገኛት። በሬው ስለሞተ ቀንድ መቁረጡ አያስፈልግም። መልኩ ምን ይሁን?»

«ነጭ።»

«ነጭ ኩሪ። አንድ ነገር ግን አለ ሃጃ። ከሞተ በኋላም የወጋቸው ሰዎች መዝገብሽ ላይ አሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ኃይለኛ በሬ ነበራ!»

ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ላዋን ዓይኑን በተተረተረው ጥምጣሙ ጠረገና ማኅተሙን መታው። ወረቀቱ ላይ የጎደለው አሁን የተጎጂዋ የምስክርነት ቃል ከነጣት አሻራዋ ብቻ ነው።

ያጋና ስትመጣ ላዋን ሄዷል። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ቶሎ ቶሎ አስረዳኋት፤ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ትገቢያለሽ፣ ባናንም ማንንም የሚነካ የለም አልኳት። ማንበብ አትችልም፤ ቃሏን አነበብኩላት። «እኔ ያጋና፣ በእሑዱ ገበያ ላይ አንድ ነጭ በሬ የተቀበረ ፈንጂ ረግጦ...» እስከ መጨረሻው ሰማች። ቀለሙን አቀረብኩላት። አውራ ጣቷን አላነሣችም።

«ጉምሱስ?» አለችኝ።

ጉምሱ ልጇ ናት። በዚያ እሑድ እናቷ እጅ ላይ ነበረች። የፍንጣሪው ግማሽ እናቲቱ ጋ ቀረ፣ ግማሹ ሕፃኗን ገደላት።

«ጉምሱ ምን?»

«እሷንስ ምን ገደላት ብለሽ ጻፍሽ?»

እዚህ ላይ ልዋሻት እችል ነበር። ሰባት ዓመት የዋሸሁ ሰው አንድ ጊዜ ብጨምር ምን ይለኛል? ግን ምላሴ እንቢ አለኝ። የሟቾችን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረድኩ። እሱ ገና ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም፤ በእጅ የሚጻፍ ወፍራም መዝገብ ነው። እሑዱን አገኘሁት። ሰባተኛው መስመር፣ ጉምሱ ባና፣ ሴት፣ አራት ዓመት። የሞት ምክንያት፣ ደብልዩ ሃምሳ አምስት።

«በሬ ነው የሚለው» አልኳት።

ጮኸች ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ አልጮኸችም። ጆሮዬ ላይ የቀረው እንዲያውም ዝግታዋ ነው።

«ያ ኬሉ፣ ስለ እኔ የፈለግሽውን በዪ። በሬ በዪኝ፣ ከአልጋ ወደቀች በዪኝ፤ ግድ የለኝም፣ እጄን ነው የምፈልገው። ባናንም ደብቂልኝ፤ እግርሽን እስማለሁ። ጉምሱን ግን ከምን ደበቅሻት? የሞተን ሰው ካምፕ አይወስዱት። ምን እንዳያደርጓት ብለሽ ነው?»

«ሳላስብ ነው የጻፍኩት...»

«ሳታስቢ! እኔ ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ብቻ ነው። የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰምታ ወደ ላይ እያየች ‹እማ፣ ወፍ!› አለችኝ። በሬ አላየችም። በሬ ብታይ ትፈራ ነበር፣ ወደ እኔ ትሸሸግ ነበር።»

«እሺ፣ ካርድሽ ይለቅና በኋላ...»

«በኋላ የለም። አሁን አስተካክይው፤ ከዚያ ለራሴ እፈርማለሁ። ካልሆነ እጄ ይቅር።»

«ያጋና፣ አብደሻል? ጣቶችሽ እኮ...»

«ጣቶቼ የእኔ ናቸው።»

ተናደድኩባት። አዎ፣ በእሷ ነው የተናደድኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ከድንኳን ወደ ቢሮ እየሮጥኩ፣ በሬ ገድዬ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ አሁን በመጨረሻዋ ሰዓት! የሟቿን መስመር ብነካ የምጽፍላት ነጥብ ሁለትን ነው፤ ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ሌላ ቁጥር የለውም። ነጥብ ሁለት ደግሞ፣ የሞተም ይሁን የቆየ፣ በተጻፈበት ሳምንት ዓርብ ወደ ካምፕ ይሄዳል። ካምፕ ውስጥ አንድ ብልህ ሰው ቢገኝና «በዚያ እሑድ ሌላስ ማን ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ ያ ሁሉ የተወጋ ወንድ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ይህን ነገርኳት። የመጀመሪያው ባና እንደሚሆንም ነገርኳት።

«ባና አባቷ ነው» አለች። መዝገቡን በግራ እጇ ወደ እኔ ገፋችው።

ካቻላን አልጠየቅኩም። ብጠይቀው እንቢ እንደሚለኝ፣ እንቢታውም ልክ እንደሚሆን አውቃለሁ። ልክ የሆነ ነገር ሰልችቶኝ ነበር። ቀይ ቀለም አነሣሁና ሃምሳ አምስቱን ሰረዝኩት። ከጎኑ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሁለት ጻፍኩ፣ «ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ፣ ገበያ ላይ» ብዬ በፊደል ጨመርኩበት፣ ሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ያጋና የጻፍኩትን እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ አነበብኩላት። ድገሚልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ከዚያ የተኛውን አውራ ጣቷን በግራ እጇ አንሥታ ቀለሙ ውስጥ ነከረችና የበሬው ወረቀት ላይ አሳረፈችው።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አስገቧት። የወጣው ብረት የባቄላ ፍሬ አያህልም። ዓርብ ማለዳ ልጠይቃት ስገባ ሐኪሙ ጣቶቿን በመርፌ ጫፍ አንድ ባንድ እየነካካ ነበር። ትንሿ ጣቷ ዝም። ቀጣይዋም ዝም። አመልካች ጣቷ ላይ ሲደርስ «እህ!» ብላ እጇን ሳበች። አውራ ጣቷ ላይ ሲደርስ ሰደበችው። ሐኪሙ ቋንቋውን አያውቅምና እንደ ምርቃት ቆጥሮ አመሰገናት። በሁለት ጣት ኮፍያ ይጠለፋል፤ ሌሎቹም ቀስ እያሉ ይመጣሉ ተብሏል።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ የሳምንቱን ዝርዝር ጻፍኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ «የለም» ብለን የምናልፈው ወረቀት ላይ አንድ ስም አሰፈርኩ። እጄ ሁለት ጊዜ ቆመ። ባናን አሰብኩ፤ ያን ክንዱ የተበሳ ልጅ እግር አሰብኩ። ቀድጄ ልጥለው አነሣሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ከጁምዓ ሶላት በፊት አሥር አለቃው መጣ። እንደ ልማዱ እያፏጨ፣ ወረቀቱን ሳያይ ሊያጥፈው ሲል ቀለም አየበት።

«ኦ! ዛሬስ ተገኘ!» አለ። ፊቱ በራ። «ስንት ዓርብ ባዶ ወረቀት ተሸክሜ... ጉምሱ ባና። ሴት? ሴት ናት እንዴ? ዕድሜ አራት። ሃጃ፣ ይኼ አርባ ነው ወይስ አራት?»

«አራት ነው።»

«አራት ዓመት?»

«አራት ዓመት ከሁለት ወር።»

ዝርዝሩን እንደገና አየው። ልጅ ነው ራሱ፤ ጢሙ ገና አልሞላም። መስኮቱን ተደገፈ።

«የት ነው ያለችው?»

«መቃብር። ከከብት ተራው ጀርባ፣ የኒም ዛፉ ሥር። ከሌሎቹ ታንሳለች፤ አትጠፋህም።»

«እና... ምን ብዬ ልስጣቸው? አዛዡ ስም ሲያይ አምጡ ነው የሚለው።»

«አምጡ ካለ ይምጣና ይውሰዳት። መንስኤው ላይ የተጻፈውን ግን መጀመሪያ ያንብብ። በግልጽ ነው የጻፍኩት።»

አነበበው። ከንፈሩ ቃሉን አንድ ባንድ ሲከተል አየሁት፤ ከአውሮፕላን፣ የተጣለ፣ ቦምብ። ዞር ብሎ በሩን አየ፣ ማንም አልነበረም። ወረቀቱን ይመልስልኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እጁም ትንሽ ወደ እኔ መጣ። ብቀበለው ነገሩ ያልቅ ነበር። አልተቀበልኩትም። የመረከቢያ ደብተሩን ከፍቼ እስክሪብቶ ሰጠሁት።

ከስሟ ትይዩ ፈርሞ ወሰዳት።